«ዎከር» የሚለው የእንግሊዝኛ የቤተሰብ ስም ትርጉሙ ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ «ዎከር» የሚለው የእንግሊዞች የቤተሰብ ስም ከሙያ የመጣ መሆኑን አንድ መዝገበ ቃላት ላይ አነበብኩ። «ዎክ» ማለት በእግር መሄድ ስለሆነ እኔ ትርጉሙን «ተራማጅ» ብዬ ነበር የያዝኩት፤ በጆኒ ዎከር ጠርሙስ ላይ ያለውም ሰውዬ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ከዘራውን ይዞ ሲራመድ ነው የሚታየው። መራመድ ታዲያ ምን ዓይነት ሙያ ነው? መልእክተኛ ለማለት ይሆን?

መልስ፦ ስሙ ከሙያ የመጣ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ሙያው ግን መንገድ መሄድ አይደለም። ዎከር የሱፍ ጨርቅ ረጋጭ ነበር። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ከሸማኔው እጅ የወጣ የሱፍ ጨርቅ ገና የሳሳ፣ ድርና ማጉ ተለይቶ የሚታይ፣ በበጉ ቅባትና ለመፍተል እንዲያመች በተጨመረበት ዘይት የተጨማለቀ ስለነበረ እንዲሁ ለልብስ አይሆንም። ስለዚህ በገንዳ ውስጥ ይዘፈዘፍና ቅባት የሚመጥ የሸክላ አፈር ወይም ቆይቶ የሸተተ ሽንት ይጨመርበታል፤ ከዚያ ሠራተኛው ባዶ እግሩን ገብቶ ለሰዓታት ይረግጠዋል። ሽንት ሲቆይ የሚፈጠርበት አሞንያ ቅባቱን እንደ ሳሙና ያስለቅቃል፤ ርግጫው ደግሞ የሱፉን ጭረቶች እርስ በርሳቸው ያጠላልፋቸዋል። ጨርቁ በዚህ ጊዜ ይኮማተራል፣ ይወፍራል፣ በመጨረሻም የሽመናው ዓይን እስከማይታይ ድረስ ይጠብቃል። የመንዝን ባና ዳስሶ የሚያውቅ ሰው ብርድና ዝናብ የማያሳልፍ የሱፍ ልብስ ምን ያህል ጥብቅ እንደሚሆን መገመት አያቅተውም።

ወደ ቃሉ እንመለስ። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ዌአልካን» የሚባል ግስ ነበር፤ ትርጉሙም ማንከባለል፣ ማገላበጥ፣ ወዲያና ወዲህ ማላጋት ሲሆን ለባሕር ማዕበል መናወጥም ይነገር ነበር። ጨርቁን በገንዳ ውስጥ እየረገጠ የሚያገላብጠው ሠራተኛ «ዌአልከሬ» የተባለው ከዚሁ ግስ ነው። ግሱ ራሱ «በእግር መሄድ» የሚለውን የዛሬ ትርጉሙን የያዘው ዘግይቶ፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግድም ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። እንግዲህ የጠያቂው ግምት ሥሩን አልሳተም፤ የሳተው ዘመኑን ነው፤ የቤተሰብ ስሙ ግሱ ከዘመናት በፊት የጣለውን አሮጌ ትርጉም ይዞ ቀርቷልና። የቃሉ ዘመድ የሆነው የጀርመንኛው «ቫልከን» ዛሬም የሱፍ ጨርቅን ረግጦ ወይም ወቅጦ ማጥበቅን ያመለክታል። በጠርሙሱ ላይ ያለውን ተራማጅ ሰውዬ ቶም ብራውን የተባለ ሠዓሊ በ1908 የሳለው ሲሆን፣ ኩባንያው በመሥራቹ ስም የዛሬ ትርጉም ተጫወተበት እንጂ ስለ ስሙ ታሪክ የሚነግረን ነገር የለም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን እንግሊዞች ለዚህ ለአንድ ሥራ ሦስት የቤተሰብ ስም ያላቸው መሆኑ ነው፤ ዎከር፣ ፉለር እና ተከር። «ፉለር» ልብስ አጣቢና ጨርቅ አጥባቂ ማለት ከሆነው ከላቲኑ «ፉሎ» የተገኘ ነው። «ተከር» ደግሞ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ማሠቃየት፣ ማንገላታት ከሚል ግስ የመጣ ሲሆን፣ በጨርቁ ላይ ለሚወርደው ርግጫና ድብደባ ተስማሚ ስም ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ የአገር ቤት አነጋገር ልዩነት ነው። በሰሜኑና በምዕራብ መካከለኛው አገር ሠራተኛው ዎከር፣ በደቡብ ምሥራቅ ፉለር፣ እንደ ዴቨንና ሶመርሴት ባሉት የደቡብ ምዕራብ አውራጃዎች ደግሞ ተከር ይባል ነበር። በኤክሰተር ከተማ በ1471 የተሠራው የሸማኔዎችና የጨርቅ አጥባቂዎች ማኅበር አዳራሽ ዛሬም «የተከሮች አዳራሽ» እየተባለ ይጠራል። ተራው ሕዝብ የሙያ ቅጽሉን ለልጅ ልጁ ማውረስ የጀመረው በተለይ በ13ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን ስለሆነ፣ የእነዚህ ስሞች አሰፋፈር የዚያን ዘመን ቀበልኛ እንደ ካርታ ያሳያል።

ሌላ አባል፦ ከላይ በተሰጠው መልስ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነቡ ሰዎች «ፉለር» የሚለውን ቃል ማርቆስ ምዕራፍ 9 ቁጥር 3 ላይ ያገኙታል። ጌታ በተራራው ላይ መልኩ በተለወጠ ጊዜ ልብሱ በምድር ያለ አጣቢ ሊያነጣው እስከማይችል ድረስ ነጭ ሆነ የሚለው፣ በደብረ ታቦር በዓል የምናስበው ቃል ነው። አማርኛው «አጣቢ» ማለቱ ስሕተት አይደለም፤ በጥንቱ የግሪክና የሮም ዓለም ይህ ባለሙያ አዲስ ጨርቅ ከማጥበቅ ሌላ ያደፈ ልብስም ያጥብ ነበርና። በጥንቷ የሮማውያን ከተማ በፖምፔይ ፍርስራሽ ውስጥ ሠራተኞቹ ቆመው ይረግጡባቸው የነበሩት ገንዳዎች ተቆፍረው ወጥተዋል። የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ቬስፓስያን እንዲህ ላለው ሥራ በሚውለው ሽንት ላይ ግብር መጣሉም የታወቀ ታሪክ ነው።

ሁለተኛ፣ ጨርቁ ከተረገጠ በኋላ ተኮማትሮ እንዳይቀር በረጅም የእንጨት አጥር ላይ በመንጠቆ ተወጥሮ ይደርቅ ነበር። መንጠቆው «ቴንተርሁክ» ይባላል። ዛሬ እንግሊዞች አንድ ሰው ውጤት ሲጠብቅ ልቡ ተንጠልጥሎ መሰንበቱን ለመግለጽ «በቴንተርሁክ ላይ ነው» የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው፤ ብዙዎቹ ግን መንጠቆው የምን መንጠቆ እንደነበረ አያውቁም።

ጠያቂው፦ ስለ ማብራሪያው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ፤ ሦስቱ ስሞች የአንድ ሙያ ከሆኑ ዎከር ከሌሎቹ ይልቅ ለምን በዛ? በእኛስ ዘንድ እንዲህ ያለ ስም ለምን የለም?

መልስ፦ በ2010 በተደረገው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ከ500 ሺህ በላይ ሰዎች ዎከር በሚለው ስም ተመዝግበዋል፤ ፉለርና ተከር ከዚህ በእጅጉ ያንሳሉ። ለዚህ ዋናው ምክንያት በእኔ ግምት የሰሜን እንግሊዝ ታሪክ ነው። ሥራው ከእግር ወደ ማሽን የተሻገረው ቀደም ብሎ ነው፤ በ1185 ቴምፕላር የተባለው የመስቀል ጦረኞች ማኅበር ርስቶች ሲመዘገቡ በዮርክሻየርና በግሎስተርሻየር በውኃ ኃይል የሚሠሩ፣ ጨርቁን በእንጨት መዶሻ የሚወቅጡ ወፍጮዎች ተጠቅሰዋል። ረጋጩ ከገንዳው ወጥቶ የወፍጮ ጠባቂ ሲሆንም ስሙ አልተለወጠም። ኋላ በዮርክሻየርና በላንካሻየር የጨርቅ ፋብሪካዎች ሲስፋፉ ሕዝቡ እጅግ በዛ፤ የሰሜኑ ስም የሆነው ዎከርም አብሮ በዛ። በአሜሪካ ከባርነት ነጻ ከወጡት ጥቁሮች መካከልም ስሙን የያዙ ብዙዎች ናቸው። ሆኖም በትዳር የመጣ ስምም እንዳለ አይዘንጋ፤ በ1867 በሉዊዚያና የተወለደችውና በፀጉር ቅባት ንግድ የበለጸገችው ማዳም ሲ. ጄ. ዎከር ሣራ ብሪድላቭ ተብላ ነበር የምትጠራው፤ ዎከር የባሏ ስም ነው።

በእኛ ዘንድ ያልኖረበት ምክንያት ግልጽ ነው። ልጅ የአባቱን ስም ያስከትላል እንጂ ከአያት ቅድመ አያት የሚወርድ አንድ የቤተሰብ መጠሪያ አልነበረንም። ባለሙያውን ይንቅ የነበረው ባህልም ሌላው እንቅፋት ይመስለኛል፤ «ቀጥቃጭ» እና «ፋቂ» የስድብ ቃል ሆነው በኖሩበት አገር ማን ለልጁ በመጠሪያነት ያወርሳቸዋል?

ሌላ አባል፦ አንድ ጥንቃቄ ብቻ። ዎከር ሁሉ የጨርቅ ረጋጭ ዘር ነው ብሎ መደምደም አይገባም። በኒውካስል አጠገብ «ዎከር» የሚባል ቦታ አለ፤ የቦታው ስም ሮማውያን በንጉሠ ነገሥት ሃድርያን ዘመን ከሠሩት ግንብ ጋር የተያያዘ ሲሆን «ከግንቡ አጠገብ ያለው ረግረግ» ማለት ነው፤ ከግሱም ከሙያውም ጋር ዝምድና የለውም። የንጉሥ ደን እየዞረ የሚጠብቅ ሹምም ዎከር ይባል ነበር። ስለዚህ የአንድን ቤተሰብ ስም ለመተርጎም የሚሻ ሰው ቤተሰቡ ከየትኛው አውራጃ እንደተነሣ አስቀድሞ ማጣራት ይኖርበታል።