ቴክኒሺየም አንድ እንኳን የማይፈርስ አይሶቶፕ ለምን አጣ?

የኒውክለስ ነገር የገባችሁ እስቲ እርዱኝ። ሦስት ቀን ሙሉ እዚሁ ነጥብ ላይ ቆሜያለሁ።

ለክፍል ፕረዘንቴሽን የያዝኩት ቴክኒሺየም የሚባለውን ንጥረ ነገር ነው፤ 43 ፕሮቶን ያለው፣ በ1937 ካርሎ ፔሪየርና ኤሚሊዮ ሴግሬ ሳይክሎትሮን (የአቶም ቅንጣቶችን የሚያፈጥን መሣሪያ) ከደበደበው ሞሊብዲነም ፓሌርሞ ውስጥ ያገኙት። ታሪኩ ደስ ይላል። ችግሬ «ለምን ይፈርሳል?» የሚለው ነው።

መጀመሪያ «ከባድ ስለሆነ» ብዬ ጻፍኩ። ግን እርሳስ 82 ፕሮቶን ተሸክሞ ጸንቶ ይኖራል። ሰረዝኩት። ቀጥዬ «የፕሮቶኑ ቁጥር ኢተጋማሽ ስለሆነ» አልኩ። ኒዮቢየም 41፣ ሮዲየም 45 ናቸው፤ እነሱም ኢተጋማሽ ሆነው አንድ አንድ የማይፈርስ አይሶቶፕ (በኒውትሮን ቁጥር ብቻ የሚለይ የአንድ ንጥረ ነገር ዓይነት) አላቸው። እሱም አልሆነም።

ከዚያ ወረቀት ላይ የፕሮቶንና የኒውትሮን ድምርን ከ94 እስከ 102 ደረደርኩ። የሚገርመው፣ እያንዳንዱን ቦታ ጎረቤቶቹ ሞሊብዲነም (42 ፕሮቶን) ወይም ሩቴኒየም (44 ፕሮቶን) በማይፈርስ አይሶቶፕ ቀድሞ ይዞታል፤ አንዳንዱን ሁለቱም። በተለይ ሁለቱ ረድፎች ላይ እርሳሴ ቆመ። ቴክኒሺየም-97 ኤሌክትሮን ውጦ ሞሊብዲነም-97 ይሆናል። ቴክኒሺየም-99 ደግሞ ቤታ (ከኒውክለሱ የሚወጣ ኤሌክትሮን) ለቆ ሩቴኒየም-99 ይሆናል፤ ግማሹ እስኪያልቅ 211,000 ዓመት ገደማ ቢፈጅበትም። የሚወጣው ኃይል በሁለቱም ትንሽ ነው፤ ለጥቂት ነው የሚሸነፈው።

ታዲያ 97 ላይ ሞሊብዲነምን፣ 99 ላይ ሩቴኒየምን ከቴክኒሺየም ዝቅ ባለ ኃይል ላይ የሚያስቀምጣቸው፣ በኒውክለሱ ውስጥ ያለው የፕሮቶንና የኒውትሮን አደራደር ነው ወይስ እንዲሁ የቁጥር መገጣጠም?