ምዕራብ የሚያይ የመስታወት ግድግዳ፦ ማቀዝቀዣውን እናሳድግ ወይስ ንድፉን እንቀይር?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለ 4 ፎቅ ቢሮ እየነደፍን ነው፤ የምዕራቡ ግድግዳ 70% መስታወት ነው። መካኒካል መሐንዲሱ ማቀዝቀዣው ይደግ ይላል፣ አርክቴክቱ የውስጥ መጋረጃ ይበቃል ባይ ነው። ከየት እንጀምር?

መልስ 1፦
ከመስታወቱ ጀምሩ። የውስጥ መጋረጃ ነጸብራቅን ይከላከላል እንጂ ሙቀቱ አንዴ መስታወቱን አልፎ ከገባ ብዙም አይረዳም። ጥላው ከውጭ ይሁን። የከሰዓት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ አግድም የወጣ ጥላ አያቆማትም፤ ዘወር ተደርገው የቆሙ ክንፎች (ከግድግዳው ወደ ውጭ የወጡ ቀጥ ያሉ የጥላ ሳንቃዎች) ወይም የሚንቀሳቀሱ የውጭ መሸፈኛዎች ናቸው የሚያዋጡት። መስታወቱንም ወደ 30–40% አውርዱት።

መልስ 2፦
እስማማለሁ፤ ስትራክቸሩን ግን አትርሱ። ክንፎቹን የሚሸከመው ብረት በቀጥታ ከሶሌታው (ከፎቁ የኮንክሪት ወለል) ጋር ከታሰረ ሙቀትና ቅዝቃዜ በዚያው ይተላለፋል፤ በብርድ ጊዜ ከውስጥ በኩል ጤዛ ይቋጠርና ግድግዳው ይሻግታል። በመካከላቸው ሙቀት የማያስተላልፍ ጠንካራ ንጣፍ ይግባ። ማሰሪያ ፕሌቶቹ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ቦታቸውን ይያዙ። በኋላ ሲበሳ ፌሮ ይቆረጣል፣ የውሃ መከላከያውም ይበላሻል። የነፋስ ጫናም ይሰላ።

ጠያቂ፦
እሺ፣ ማቀዝቀዣውስ?

መልስ 3፦
የማቀዝቀዣው ጭነት (ማሽኑ ከክፍሉ ማውጣት ያለበት ሙቀት) እንደገና ይሰላ፤ በድሮው ቁጥር በፍጹም አትግዙ። ከልክ በላይ የሆነ ማሽን ቶሎ ቶሎ እየተነሣ ይጠፋል፤ ክፍሉ ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱ ግን አይወጣም። ደግሞ ከመስኮቱ የላይኛ ጠርዝ ቁመት 1.5 እጥፍ ያህል ወደ ውስጥ (2.8 ሜትር ከሆነ 4.2 ሜትር) ላሉት መብራቶች የብቻ መስመርና የቀን ብርሃን ሲበቃ የሚያደበዝዛቸው የብርሃን ሴንሰር ስጧቸው። የመብራቱ ሙቀት ሲቀንስ የማቀዝቀዣውም ጭነት አብሮ ይወርዳል።