የቤት ለቤት ፊዚዮቴራፒ የሰራችሁ እርዱኝ

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ፊዚዮቴራፒ ተመርቄ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ስራ ጀምሬያለሁ፣ በዙር እየተቀያየርን ነው የምንሰራው እና አሁን ተራዬ ቤት ለቤት ሆነ። ሆስፒታል እያለሁ ፓራለል ባሩም (ታካሚ ግራና ቀኝ ይዞ መራመድ የሚለማመድበት ብረት) አለ ሲኒየርም ይጠየቃል፣ እዚህ ግን ብቻዬን ነኝ። በጣም የጨነቀኝ ስትሮክ የመታቸው አንዲት እናት ናቸው፣ ግራ ጎናቸው አይታዘዝም፣ ልጆቻቸው ሲያነሷቸው የደከመውን እጅ ይዘው ስለሚጎትቱ ትከሻቸው ወርዶ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለው። እንዳይጎትቱ ነግሬ እጃቸውን ትራስ ላይ አሳርፌዋለሁ። ከመደብ መነሳት ላለማምዳቸው ብል ዝቅ ያለ ስለሆነ አቃታቸው፣ ብርድ ልብስ አጥፌ ከፍ ላድርገው ወይስ ወንበር ይሻላል? ደሞ ልጆቹ ከመውደዳቸው የተነሳ ሲኒ እንኳ አያስነሷቸውም፣ እኔ በሌለሁበት ቀን እንቅስቃሴ እንዲያሰሯቸው እንዴት ላሳምናቸው? እባካችሁ በናታችሁ ንገሩኝ።