እናቴ ከወደቀች ወዲህ ከቤት አልወጣም ብላለች

የቆጪ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ቆጪ ነው የምንኖረው። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ክረምት ላይ ሌሊት ሽንት ቤት ስትሄድ የግቢው ጭቃ አዳልጧት ወደቀች። ራጅ ተነስታ አጥንቷ ደህና ነው ተባለ። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጎረቤት ቡና መሄድ ተወች። እድር ቀረች። ቤተክርስቲያን በባጃጅ ላድርስሽ ስላት "ይቅርብኝ" ነው መልሷ። እህቴ አዲስ አበባ ሆና በስልክ "እንዳትነሳ፣ ሁሉን አቅርቡላት" ትላለች። እማዬ እኮ ቡና ስትቆላ ማንንም የማታስጠጋ ሴት ነበረች! አሁን ሠራተኛዋ ናት የምትቆላው። እግሯም እየቀጠነ ነው። ልተዋት ወይስ ልገፋፋት?

ፊዚዮቴራፒስቱ፦
እህትህ ከፍቅር ነው፣ ግን ተሳስታለች። የወደቀ ሰው ይፈራል፤ ፈርቶ ሲቀመጥ ጭኑ ይደክማል፤ ጭኑ ሲደክም መልሶ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግም ድርጅት ነው) ጥናት ቤታቸው በሚኖሩ አዛውንቶች ላይ የሰውነት እንቅስቃሴ መውደቅን በ23 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከወንበር መነሳትና መቀመጥ አለማምዳት። በርጩማ አይሆንም፣ በጣም ዝቅ ይላል። ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስጠግተህ፣ አንተም አጠገቧ ቆመህ። የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች እንዴ?

የቆጪ ልጅ፦
አዎ፣ የሚያሸናውን። ማታ ማታ ነው የምትውጠው።

ፊዚዮቴራፒስቱ፦
በል ሰዓቱን ሐኪሟን ጠይቅ። ራሳችሁ እንዳታቋርጡት ብቻ። ከአልጋ ስትነሳም መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ቁጭ ትበል፤ ድንገት ሲነሱ ግፊት ወርዶ ያዞራል። ሌሊት ፖፖ አልጋዋ ሥር ይሁን።

የጅሬኑ፦
ምክሩ ጥሩ ነው፣ የጅማን ዝናብ ግን ማን ያቁመው? እኛ ለአባታችን ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ ጠጠር አፈሰስን፣ በጎን በኩል መያዣ እንዲሆነው አጠና መታንለት። ነጠላ ጫማውንም ደበቅንበት። "ምርኩዝ ያዝ" ስንለው ተቆጣ፤ ከዘራ ሲገዛለት ግን አሁን እሱን ይዞ ይንጎራደዳል።

እትዬ፦
የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። ልጄ፣ እኔም ወድቄ አውቃለሁ። ሕመሙስ ያልፋል፤ ሰፈሩ ተሰብስቦ ሲያነሳኝ ያፈርኩት ነው ቤት ያስቀረኝ። ቤተክርስቲያን አትጎትታት። ጎረቤቶቿን ቤታችሁ ጥራ፣ ቡናውን እሷ ትቁላ። ቁጭ ብሎም ይቆላል።

የቆጪ ልጅ፦
እትዬ፣ እድሜ ይስጥልኝ። እሁድ እጠራቸዋለሁ፤ ሠራተኛዋንም እረፍት እሰጣታለሁ። የጅሬኑ፣ አጠናውን ከየት ገዛህ? እዚሁ ጅማ መርካቶ ነው?