በጓዳችሁ የተከማቸው ዕቃ የየትኛው ዘመን ነው?

የፒያሳው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁንም እዚሁ የምኖር ሰው ነኝ። ባለፈው ሳምንት የእናቴን ጓዳ ላጸዳ ገብቼ ከዱቄቱ በርሜል ጀርባ ሦስት ማዳበሪያ ጨው አገኘሁ፤ የታችኛው እርጥበት ይዞት እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ለምን እንዳከማቸችው ብጠይቃት «አንተ ጨው ሲጠፋ የት አይተህ!» ብላ አሳፈረችኝ። እኔም ብሆን መሳቅ አልችልም፤ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ በተነገረ ማግሥት ቅዳሜ ገበያ ወርጄ፣ ከሰው ጋር ተጋፍቼ፣ አምስት ኪሎ ነጭ ሽንኩርትና አንድ ዘንቢል ሎሚ ገዝቻለሁ። ሽንኩርቱ አቆጠቆጠ፣ ሎሚው ሻገተ። በሁለታችንም የምትስቀው ልጄ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ሥራ ቦታ ድረስ ደውላ «አባዬ፣ ዘይት ሳይጨምር ግዛ» ያለችኝ እርሷ ናት። በእናንተ ቤት የሚከማቸው ምንድን ነው? ከየትኛው ጊዜ የተረፈ ልማድ ይመስላችኋል?

የቀበሌው ጸሐፊ፦
ወንድሜ፣ እኔ በደርግ ዘመን በቀበሌ ሱቅ ሠርቻለሁ። ስኳርና ሳሙና የሚታደለው የቤተሰቡ ብዛት በተመዘገበበት ካርድ ነበር። ዕቃው መምጣቱ በተሰማ ሌሊት ሴቶች ገና ሳይነጋ ደርሰው በሰልፉ ቦታ ድንጋይ ያስቀምጡና ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ ሱቁን ስከፍት ከሰው ይልቅ ድንጋይ ተሰልፎ አገኝ ነበር፤ የየትኛዋ ድንጋይ የት እንደነበረ ግን ማንም አይሳሳትም። አንድ ሳሙና በሲባጎ ለሁለት ቆርጠው የሚካፈሉ ጎረቤታሞችንም አስታውሳለሁ። ይሁንና የእናትዎ ጨው የደርግ ጊዜ አይመስለኝም። ያን ጊዜ ጨው የምናገኘው በአብዛኛው ከአሰብና ከምፅዋ ስለነበር፣ ግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር ምንጩ ተቋረጠ፤ የአፍዴራ ጨው ቦታውን እስኪተካ ድረስ ብዙ ሰው ተቸግሯል። እስቲ ዓመቱን ይጠይቋቸው።

ባለሱቅ ከአዘዞ፦
ሁሉም ሰው ነጋዴውን ይረግማል፤ አንዳንዱም እውነት አለው፤ ደብቆ የሚያስወድድ መኖሩን አልክድም። የእኔን ሱቅ ብታዩ ግን መደርደሪያዬ ላይ የሚቀመጠው ዘይት ለተለመዱት ደንበኞቼ አንድ ሳምንት የሚበቃ ነው። በዚያ በሐምሌው ሰሞን ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን የመጡት ሰዎች እያንዳንዳቸው የሁለት ወር ፍጆታቸውን ወሰዱ፤ አንዱም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከሰዓት በኋላ የመጣችው ባልቴት ግን ባዶ መደርደሪያ አይታ «ለካ እውነት ነው፣ ጠፍቷል» ብላ ለመንደሩ አወራች፤ በማግሥቱ ሱቄ ፊት ለፊት ሰልፍ ሆነ። እጥረቱ የመጣው ከሰልፉ በኋላ ነው። ለዚህ ነው የደበቅሁ የመሰላቸው ሰዎች ያልደበቅሁትን ዘይት አውጣ እያሉ የተቆጡኝ።

መምህር፦
የባለሱቁን ነገር የሚያጠናክር አንድ ታሪክ ልጨምር። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ በጣሉ ጊዜ፣ በጃፓን ኦሳካ አጠገብ በሴንሪ የሚኖሩ የቤት እመቤቶች ወረቀት ይጠፋል በሚል ወሬ የመጸዳጃ ሶፍት ለመግዛት ተሻሙ፤ ፋብሪካዎቹ ግን ምርታቸውን አልቀነሱም ነበር። ያው የነዳጅ ዋጋ ንረት እኛ ዘንድ ሲደርስ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም አቆሙ፤ በዓመቱ መስከረም ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ጃፓናዊቷ አያት ያን ዓመት በሶፍት ስታስታውሰው የእኛዋ በአብዮት ታስታውሰዋለች። ስለዚህ ትውልዱን የሚለየው ጓዳ የገባው ዕቃ ብቻ አይመስለኝም፤ ዕቃው በጠፋ ማግሥት የሆነውም ጭምር ነው።

የፒያሳው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጸሐፊው እንዳሉት ዓመቱን ጠየቅኋት። ታናሽ ወንድሜ ክርስትና የተነሣበት ዓመት ነው አለች፤ እርሱ የተወለደው በ1990 ዓ.ም. ነው። ለክርስትናው ወጥ የሚሆን ጨው ከሦስት ጎረቤት በስኒ ለምና እንዳሟላች፣ ወጡም አልጫ ነው ተብሎ እንደታማ እስከዛሬ አልረሳችም። የጠጠረውን ማዳበሪያ ለከብቶች ይልሱት ብዬ ገጠር ላሉ ዘመዶቻችን ላክሁት። ቦታው ባዶ ሆኖ እንዳይከርም፣ ለቅዳሜ ሌላ ማዳበሪያ ገዝቼ እንድመጣ አዝዛኛለች።