የሚያድግ ገጽ የእርጅና ልኬቴ አልገጥም ብሎኛል

ባሕር ዳር ሆኜ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ፣ በዘፈቀደ የሚወርዱ ቅንጣቶች ከነኩት ጎረቤት ጋር እየተጣበቁ የሚያሳድጉትን ገጽ በላፕቶፕ በሲሙሌሽን እየሠራሁ ነው፤ ስፋቱ 1,024 ነጥብ ነው። የምለካው የገጹን ሸካራነት ብቻ ሳይሆን፣ በመነሻ ጊዜ የነበረውን ቅርጽ ቆይቶ ምን ያህል እንደሚያስታውስ ነው፤ ገጹ ባረጀ ቁጥር የሚረሳውም እየዘገየ ነው።

የፊዚክስ ሊቃውንቱ ካርዳር፣ ፓሪሲና ዣንግ ስለሚያድጉ ገጾች በ1986 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት እኩልታ መሠረት፣ እንደ እኔው በአንድ መስመር ላይ ለሚያድግ ገጽ ሸካራነቱ በጊዜ 1/3 ኃይል ማደግ አለበት፤ ስለዚህ ትውስታውን ለመነሻው ጊዜ 2/3 ኃይል (የ1/3 እጥፍ) ሳካፍለውና በሁለቱ ጊዜያት፣ በኋለኛውና በመነሻው፣ ጥምርታ ላይ ስስለው፣ ኩርባዎቹ በአንድ መስመር መተኛት ነበረባቸው። በ100፣ በ200፣ በ400 እና በ800 መነሻ ጊዜዎች ሞከርሁ፤ አልተኙም። የለካሁት የዕድገት ኃይል 0.29 ገደማ ሲሆን፣ በእጥፉ በ0.58 ሳካፍል ይቀራረባሉ፤ ይህ ግን መልሱን ከራሴ ዳታ መቅዳት ሆኖብኛል። ስፋቱን እጥፍ ባደርገውም ለውጥ የለም። (መብራት በጠፋ ቁጥር ስለሚቋረጥብኝ ያለኝ 300 ናሙና ብቻ ነው።)

በጎረቤት ነጥቦች መካከል ካለው የከፍታ ዝላይ የሚመጣውን፣ ከጊዜ ጋር የማያድገውን ሸካራነት ከትውስታው ላይ ቀንሼ በ2/3 ልቀጥል፣ ወይስ በ0.58 ልጽና?