ቨርባሉ ላይ ሰዓት እያለቀብኝ ነው፣ የቀረኝ ሦስት ሳምንት ነው፤ እርዱኝ

ሰላም ከቀበሌ 11፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አስቸኳይ ነው። ለቢዝነስ ትምህርት ቤት መግቢያ የምወስደውን የሙከራ ፈተና አሁን ጨረስኩ፤ ቨርባሉ (የእንግሊዝኛ ንባቡ ክፍል) 73 መጣ። የመጨረሻዎቹን አምስት ጥያቄዎች ሳላያቸው ሰዓቱ አለቀ። ዋናው ፈተና ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ሰዋስው በደንብ ሠርቻለሁ፣ ቃላትም በየቀኑ አጠናለሁ፤ ለውጥ ግን የለም። ሒሳቡ ደህና ነው። ቀኑን ላራዝመው ወይስ በዚህ ጊዜ የሚስተካከል ነገር አለ? የምታውቁ እባካችሁ ዛሬውኑ መልሱልኝ።

ታንኳ፦
የቱ ፈተና ነው? ጂማት ወይስ ጂአርኢ? ሁለቱንም የሚቀበሉ ቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው፣ ቨርባላቸው ግን አይመሳሰልም። ከምን መጽሐፍ እንደምታጠኚና ፈተናውን በማዕከል ይሁን ከቤት እንደምትወስጂውም ንገሪን።

ዓባይ ማዶ፦
ቃላት ላይ በርቺ እህቴ፣ ለውጡ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ቃሉን ብቻውን አትሸምድጂ፤ ካርድ ላይ ከነዓረፍተ ነገሩ ጻፊው፣ በማግስቱ፣ ከዚያ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያ ከሳምንት በኋላ ድገሚው። ተቃራኒውንም አብረሽ ያዢ። ባዶ ቦታ የሚያስሞሉት ጥያቄዎች ላይ ውጤቱን ታዪዋለሽ።

የሽምብጥ ልጅ፦
ወንድም ዓለም፣ ምክርህ ለጂአርኢ ልክ ነው። እዚያ ቨርባሉ 27 ጥያቄ በ41 ደቂቃ ነው፣ ግማሽ ያህሉም በቃላት ላይ የቆመ ነው። እሷ ግን «73 መጣ» ነው ያለችው። የጂአርኢ ቨርባል ከ130 እስከ 170 ነው የሚሰጠው፣ 73 የሚባል ውጤት የለውም። ስለዚህ ጂማት ነው፣ ያውም አዲሱ፤ በአዲሱ እያንዳንዱ ክፍል ከ60 እስከ 90 ነው። ጂማት ላይ ባዶ ቦታ ሙላ የሚባል ጥያቄ የለም።

ሰላም ከቀበሌ 11፦
አዎ ጂማት ነው፣ በማዕከል ነው የምወስደው። የማጠናው ፔዳ በር ላይ ፎቶኮፒ ካስደረግኩት ወፍራም መጽሐፍ ነው። ሴንተንስ ኮሬክሽን (ዓረፍተ ነገር ማረም) የሚለውን ክፍል ጨርሼዋለሁ። ምንባቡ ላይ ግን ሁለት ጊዜ ካላነበብኩ አይገባኝም፤ ክሪቲካል ሪዝኒንግ (አጭር ክርክር መመርመር) ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ሁለት ምርጫ ይቀረኝና የተሳሳተውን እመርጣለሁ።

የሽምብጥ ልጅ፦
እህት ዓለም፣ መጽሐፍሽ የአሮጌው ፈተና ነው። አዲሱ ጂማት በ2023 ኅዳር ገደማ ወጣ፣ አሮጌው በ2024 ጥር መጨረሻ ተዘጋ (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። ሴንተንስ ኮሬክሽን ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። በሰዋስው ላይ ያፈሰስሽው ጊዜ አዲሱ ፈተና ላይ አንድም ጥያቄ አይመልስልሽም። ያቆየሽ ይሄ ይመስለኛል።

አሁን ያለው ቨርባል 23 ጥያቄ በ45 ደቂቃ ነው፤ ሪዲንግ ኮምፕሪሄንሽን (ምንባቡ) እና ክሪቲካል ሪዝኒንግ ብቻ። አሮጌው 36 ጥያቄ በ65 ደቂቃ ነበር፤ ከመጽሐፉ የሰዓት ምክር ወስደሽ ከሆነም አይሠራልሽም። መጽሐፉን ግን አትጣዪው። የምንባቡና የክሪቲካሉ ጥያቄዎች ባሕርይ አልተለወጠም፣ እነሱን እስከ መጨረሻው ሥሪባቸው። የሰዋስውን ክፍል በላስቲክ አስረሽ አስቀምጪው፤ ቃላትም ከዛሬ ጀምሮ ይብቃ። ምንባብ ውስጥ የማታውቂው የሙያ ቃል ሲመጣ ጸሐፊው ራሱ ያብራራዋል፣ ወይም ሳታውቂው ጥያቄው ይመለሳል።

ዓባይ ማዶ፦
ቃላት ምንም አይጠቅምም ማለት ግን ያስቸግራል። ምንባቡን ሁለቴ የምታነበው ቃሉ ስለማይገባት ቢሆንስ?

የሽምብጥ ልጅ፦
ቀላል መለያ አለው። አንድ ምንባብ ሰዓት ሳትይዢ አንብበሽ ጥያቄዎቹን ሥሪ። ያለ ሰዓት አብዛኛው ልክ ከሆነ፣ ቋንቋው ይበቃሻል፤ ችግሩ አነባበብና ሰዓት ነው። ያለ ሰዓትም የምትሳሳቺ ከሆነ ዓባይ ማዶ ያለው ሊሆን ይችላል።

መምህር ከፔዳ፦
ልጄ፣ ሁለት ጊዜ ማንበብሽ አይደለም ችግሩ፤ የመጀመሪያውን ንባብ ለምን እንደምታነቢ ሳትወስኚ መግባትሽ ነው። የጂማት ምንባብ አጭር ነው፤ ከ200 እስከ 350 ቃል ቢሆን ነው። ሦስት ወይም አራት ጥያቄ ይከተለዋል። ጥያቄ እስኪመለስ ድረስ ምንባቡ ከስክሪኑ አይጠፋም፤ ስለዚህ ዝርዝሩን በቃል መያዝ አያስፈልግም። መያዝ ያለበት እያንዳንዱ አንቀጽ የሚሠራው ሥራ ነው። አንቀጹን ስትጨርሺ ቆም ብለሽ «እዚህ ጸሐፊው ምን አደረገ?» በዪ፤ የቆየውን አስተሳሰብ አቀረበ፣ ተቃወመው፣ ማስረጃ አመጣ፣ የራሱን አቋም አለሰለሰ። ይህን በአራት ወይም በአምስት ቃል ለመጫሪያ በሚሰጥሽ ሰሌዳ ላይ ጫሪው።

«ሃውኤቨር»፣ «የት» (yet)፣ «ኦልዞው»፣ «ኔቨርዘለስ» የሚሉት ሲመጡ ፍጥነትሽን ቀንሺ። ሐሳቡ የሚታጠፈው እዚያ ነው፤ ጥያቄ አውጪውም ከመታጠፊያው ላይ ነው የሚጠይቀው። የኬሚካል ስሞች፣ የዓመተ ምሕረት ድርድር፣ የምሳሌ ዝርዝር ሲመጣ ደግሞ ቦታውን ብቻ አስታውሰሽ እለፊ፣ ከተጠየቀ ተመልሰሽ ታገኚዋለሽ።

ሌላው፣ የሚናገረው ማን እንደሆነ ለዪ። «ተመራማሪዎች እንዲህ ይላሉ» እና «ጸሐፊው እንዲህ ይላል» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የተመራማሪዎቹን አቋም ለጸሐፊው የሚሰጥ ምርጫ በጣም ይማርካል፣ ስሕተት ነው። ኢንፈረንስ (ከጽሑፉ የሚከተለው) ሲጠየቅ ደግሞ «ሊሆን ይችላል» አይበቃም፤ ጽሑፉ እውነት ከሆነ የግድ እውነት የሚሆነውን ነው የሚፈልጉት። ብዙ ጊዜ መልሱ አሰልቺና ትንሽ ነገር የሚል ነው፤ ብልህ የሚመስለው ምርጫ ከጽሑፉ አልፎ ሄዷል።

ቡና በዘጌ፦
ምንባቡን ሳያነቡ በፊት ጥያቄዎቹን ማየት ይሻላል ይላሉ። ምን እንደምትፈልጊ አውቀሽ ትገቢያለሽ።

ታንኳ፦
ያ ለወረቀት ፈተና ነው። እዚህ የሚታይሽ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ ቀጣዩ የሚመጣው የፊተኛውን ስትመልሺ ነው። የመጀመሪያውን አየት ማድረግ አይከፋም፣ ሌሎቹን ግን ማንም አስቀድሞ አያያቸውም። ክሪቲካል ሪዝኒንግ ላይ ግን ቡና በዘጌ ትክክል ነህ፤ እዚያ ሁልጊዜ ጥያቄው ይቀድማል። «የሚያዳክመው የቱ ነው» እና «የተመሠረተበት ግምት የቱ ነው» ብለው ሲጠይቁ አንድ ዓይነት አንቀጽ በተለያየ ዓይን ነው የሚነበበው።

አሁን ስለ ሰዓቱ። 45 ደቂቃ ለ23 ሲካፈል ለአንድ ጥያቄ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። በየጥያቄው ሰዓት ማየት ግን ያዋክባል፤ ሦስት ቦታ ላይ ብቻ እዪ። 6ኛውን ስትጨርሺ 33 ደቂቃ ገደማ፣ 12ኛውን ስትጨርሺ 21 ወይም 22፣ 18ኛውን ስትጨርሺ 10 ደቂቃ ያህል መቅረት አለበት። ምንባብ ገና እንደጀመርሽ ከሆነ ሁለት ደቂቃ ብታንሺ አትደንግጪ፣ በተከታዮቹ ጥያቄዎች ትመልሺዋለሽ። ከሦስት ደቂቃ በላይ ካነስሽ ግን ቀጣዩን ከባድ ክሪቲካል በግምት መልሰሽ እለፊ። የምትተዪውን አንቺ ምረጪው፤ ያለዚያ ሰዓቱ የመጨረሻዎቹን አምስት ይመርጥልሻል፣ ከእነሱ ውስጥ ደግሞ ቀላል የነበረ ይኖራል።

ያልተመለሰ ጥያቄ ቅጣት አለው። አምስቱን ባዶ መተውሽ ብቻውን ነጥብሽን አውርዶታል፤ 73 እውነተኛ አቅምሽን አያሳይም። አንድ ደቂቃ ሲቀርሽ ማንበብ አቁሚና የቀሩትን ሁሉ ዝም ብለሽ ሙዪ።

ቡና በዘጌ፦
ጣና ዳር ተቀምጠሽ አታጥኚ፣ ጉማሬ አንዴ ብቅ ካለ ሁለት ደቂቃሽ ሄደ 😊 ግን አንድ ነገር፦ አዲሱ ላይ በክፍሉ መጨረሻ ሰዓት ከተረፈሽ ተመልሰሽ እስከ ሦስት መልስ ድረስ መቀየር ይፈቀዳል። የተጠራጠርሽውን ምልክት አድርጊበት። አሮጌው መጽሐፍ ውስጥ ይሄ የለም።

የሽምብጥ ልጅ፦
እውነት ነው። ግን ምልክት አደርጋለሁ ብሎ ጥያቄውን ባዶ ማለፍ አይቻልም፤ አንድ ነገር ካልመረጥሽ ወደ ቀጣዩ አያሳልፍሽም። እና ሦስቱን ለመቀየር ሰዓት ማዳን የሚባል ዕቅድ አታውጪ፤ ከተረፈ ተረፈ።

ወደ ክሪቲካሉ ልምጣ፣ «ሁለት ምርጫ ይቀረኛል» ያልሽው እሱ ስለሆነ። የራሴን ምሳሌ ልስጥ፣ በአማርኛ ይሁን፦

«በአንድ የጣና ዳር ቀበሌ የእምቦጭ ማጨጃ ማሽን ሥራ ከጀመረ ወዲህ አስጋሪዎች በወር የሚያወጡት ዓሣ ጨምሯል። ስለዚህ ማሽኑ በአካባቢው ያለውን ዓሣ አብዝቶታል።» ድምዳሜውን የሚያዳክመው የቱ ነው?
ሀ. ማሽኑን መግዛትም መጠገንም ውድ ነው።
ለ. አረሙ ሲነሣ አስጋሪዎቹ ቀድሞ ጀልባ ወደማይገባባቸው ቦታዎች ገብተው ማስገር ጀምረዋል።
ሐ. እምቦጭ ውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይቀንሳል።
መ. ማሽን ባልገባበት ጎረቤት ቀበሌ የሚወጣው ዓሣ ቀንሷል።

ፈተናው ላይ አምስት ምርጫ ነው፣ ለዚህ አራቱ ይበቃሉ። መጀመሪያ ድምዳሜውን ለዪ፦ ሐይቁ ውስጥ ያለው ዓሣ በዛ። ማስረጃው ግን ስለ ሌላ ነገር ነው፦ የወጣው ዓሣ በዛ። ክፍተቱ «ያለ» እና «የወጣ» መካከል ነው። ለ ክፍተቱ ውስጥ ይገባል፤ ዓሣው ሳይበዛም ብዙ ሊወጣ ይችላል ማለቱ ነው። ሀ ስለ ወጪ ነው፣ ድምዳሜው ስለ ወጪ አላወራም። መ እንዲያውም ይደግፈዋል። የእኛ አገር ሰው የሚወድቀው ሐ ላይ ነው፤ እምቦጭን በዓይኑ ስላየና ነገሩ እውነት ስለሆነ ይመርጠዋል። እውነት መሆኑ ግን አይጠየቅም፤ ደግሞም ሐ ድምዳሜውን ያጠናክራል እንጂ አያዳክምም። ሁለት ምርጫ ሲቀርሽ ወደ ድምዳሜው ተመልሰሽ እያንዳንዱን ቃል አንብቢው፣ የትኛው ምርጫ ያንን ቃል እንደሚነካ ታያለሽ።

አሳምፕሽን (የተመሠረተበት ግምት) ከሆነ የተጠየቀው ምርጫውን ገልብጪው። «አስጋሪዎቹ የሚያሰግሩበት ሰዓት አልጨመረም» የሚለው ሲገለበጥ «ጨምሯል» ይሆናል፤ ድምዳሜው ይፈርሳል፣ ስለዚህ መልሱ ነው። «ማሽኑ አረሙን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶታል» የሚለው ሲገለበጥ «ሙሉ በሙሉ አላጠፋውም» ይሆናል፤ ድምዳሜው አይነካም፣ ስለዚህ አይደለም።

ጊዮን፦
«ኦልዌይስ»፣ «ኦንሊ»፣ «ኔቨር» ያለበትን ምርጫ ዝም ብለሽ ሰርዢ። በዚህ ብቻ ብዙ ትድኛለሽ።

መምህር ከፔዳ፦
ኢንፈረንስ ላይ መጠራጠሩ ልክ ነው፣ ዝም ብሎ መሰረዝ ግን አይሆንም። ጽሑፉ ራሱ «ብቻ» ካለ መልሱም «ብቻ» ሊል ይችላል። የሚያዳክም ወይም የሚያጠናክር ሲጠየቅ ደግሞ ጠንካራ ቃል ያለበት ምርጫ ብዙ ጊዜ ይሻላል፣ ምክንያቱም የበለጠ ይነካል።

ዓባይ ማዶ፦
እሺ፣ ጂማት ከሆነ ቃላቱን ትቻለሁ። የስሕተት መዝገብ ግን አትተዪ። ደብተር ላይ አራት ዓምድ፦ የጥያቄው ዓይነት፣ የመረጥሽው ለምን ማረከሽ፣ ለምን ስሕተት ሆነ፣ ትክክለኛው ለምን ትክክል ነው። ሁለተኛው ዓምድ ነው ዋናው። «አላስተዋልኩም» ብለሽ አትጻፊ፣ ያ ምንም አያስተምርም። «ከወጣ ዓሣ ወደ ያለ ዓሣ ዘለልኩ» ብለሽ ጻፊ።

ጊዮን፦
እኔም የምለው የስሕተት መዝገብ ነው። በግምት ልክ የመጣልሽንም ጻፊበት።

ሰላም ከቀበሌ 11፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ያለ ሰዓት ሞከርኩት፣ ከአራቱ ሦስቱን አገኘሁ። ስለዚህ ቋንቋው አይደለም ማለት ነው? ላራዝመው ወይስ ልግባ?

ታንኳ፦
በአንድ ምንባብ አትወስኚ፣ አምስት ስድስት ሥሪና እዪው፤ አጀማመሩ ግን ደህና ነው። ዛሬ አታራዝሚ። የመጀመሪያውን ሳምንት ያለ ሰዓት ሥሪ፦ በቀን አሥር ክሪቲካል፣ አንድ ቀን አንድ ዓይነት ብቻ፣ እና ሁለት ምንባብ። ከሠራሽበት ጊዜ የማያንስ ጊዜ ለመዝገቡ ስጪ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሰዓት አስገቢ፤ አንድ ምንባብና ሦስት ክሪቲካል በ13 ደቂቃ ገደማ፣ ቀጥሎ ሙሉ 23 በ45። ከዚያ ከፈተናው አዘጋጆች ሁለተኛውን ነፃ የሙከራ ፈተና ውሰጂ። ኤምቢኤ ዶት ኮም ላይ ሁለት በነፃ ይሰጣሉ፤ 1ኛውን ወስደሽው ከሆነ ደግመሽ አትውሰጂ፣ ጥያቄ ስለሚደገም ነጥቡ ያታልላል። በእሱ ውጤት ወስኚ። ቀኑ እየቀረበ ሲሄድ የመቀየሪያው ክፍያ እንደሚጨምር ግን አትርሺ፤ ገብተሽ ዋጋውን ዛሬውኑ እዪውና የመወሰኛ ቀንሽን በዚያ ልክ አድርጊው። ገብተሽ ካልሆነልሽ ከ16 ቀን በኋላ እንደገና መቀመጥ ይቻላል፣ በ12 ወር ውስጥ እስከ አምስት ጊዜ። ውጤቱ አምስት ዓመት ያገለግላል።

መብራት ይሄድብኛል ካልሽ ጥያቄዎቹን በወረቀት ሥሪና በስልክ ሰዓት ያዢ። የሙከራ ፈተናውን ግን ባትሪ ሞልተሽ፣ በስልክ ዳታ ተዘጋጅተሽ፣ በኮምፒውተር ውሰጂው፤ ስክሪን ላይ ማንበብ ራሱ ልምምድ ይፈልጋል።

መምህር ከፔዳ፦
የክፍሎቹን ቅደም ተከተል መምረጥ ይፈቀዳል፤ ሒሳቡ፣ ቨርባሉና ዳታ ኢንሳይትስ (ከሠንጠረዥና ከግራፍ መረጃ ማንበብ) እያንዳንዳቸው 45 ደቂቃ ናቸው፣ በመካከል አንድ የ10 ደቂቃ ዕረፍት አለ። ሦስቱም ለጠቅላላው ነጥብ እኩል ይመዝናሉ። ቨርባል የሚያደክምሽ ከሆነ መጀመሪያ አድርጊው፤ የሙከራውንም በዚያው ቅደም ተከተል ውሰጂው።

ቀበሌ 14፦
በዚሁ ልጠይቅ፦ የቀጠሮዬ ወረቀት 9:00 ኤኤም ይላል፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው አይደል?

የሽምብጥ ልጅ፦
አዎ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ ቀኑም በፈረንጆቹ ነው የተጻፈው፣ ካላንደር ላይ አመሳክረው። ከ30 ደቂቃ ቀድመህ ድረስ። ስትመዘገብ ስምህን ፓስፖርቱ ላይ በእንግሊዝኛ እንደተጻፈው ፊደል በፊደል አስገባ፤ የአያት ስም ከቀረ ወይም አንድ ፊደል ከተለየ በር ላይ ሊመልሱህ ይችላሉ። ካልተመሳሰለ ከፈተናው ቀን በፊት ጽፈህ አስተካክል።